አቡሽ አያቱ ቤት ሲሄድ

የትምህርት ቤት ዕረፍት ላይ ልጃችንን ይዘን ከሜሪላንድ አዲስ አበባ ደርሰን መጣን። አቡሽ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለው። በአፉ የሚያወጣቸው ቃላት ጥቂት ናቸው። አብዛኛውን የሚነግረን በታብሌት ነው፤ ሥዕሉን ሲነካው ታብሌቱ ይናገርለታል። "ያን ሁሉ ሰዓት በአውሮፕላን እንዴት ቻላችሁት?" ለምትሉኝ እናቶች ነው የምጽፈው።

የአውሮፕላኑ ነገር ቀድሞ ከተሠራበት ይቻላል። ዋሽንግተን አጠገብ ካለው ደለስ ኤርፖርት አዲስ አበባ በቀጥታ 13 ሰዓት ገደማ ነው። የአሜሪካ ኤርፖርቶችን ፍተሻ የሚሠራው መሥሪያ ቤት፣ ቲኤስኤ፣ ቲኤስኤ ኬርስ የሚባል የስልክ መስመር አለው። ከበረራው 72 ሰዓት በፊት ደውላችሁ ስለ ልጃችሁ ከነገራችኋቸው ፍተሻው ላይ ይረዷችኋል። እኛ ደግሞ ሰልፉን፣ ወንበሩን፣ መጸዳጃ ቤቱን ሁሉ በፎቶ አድርገን ትንሽ አልበም ሠራንለት። ማታ ማታ እያገላበጠ ያየው ነበር። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ካወቀ አቡሽ ይረጋጋል።

እኔን ያሳሰበኝ ከቦሌ በኋላ ያለው ነው። የእኛ ሰው ሲወድ ያቅፋል፣ አገላብጦ ይስማል፣ ያጎርሳል። አቡሽ ደግሞ ሳያስበው ፊቱን ከነኩት ይጨነቃል። ስለዚህ ልጁን እንዳዘጋጀነው ዘመዱንም ማዘጋጀት ነበረብን። ባለቤቴ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የድምፅ መልእክት ላከ። "አትሳሙት። እጃችሁን ዘርጉለት፣ ከፈለገ እሱ ይመጣል። ጆሮውን ከያዘ ድምፃችሁን ቀንሱ።"

እማዬ ደውላ አለቀሰች። "የልጅ ልጄን ሳልስመው ልቀመጥ?" አለችኝ። አንዷ አክስቴ "ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው" አለች፣ ሌላዋ ጸበል አለች። ጸበል ክፉ ሆኖ አይደለም። ግን ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት ቢፈስበት ልጄ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ይህንኑ ነገርኳቸው። ደግነቱ እማዬ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የከፈተችውን ዘሚ የኑስን በቴሌቪዥን አይታታለች። "ያቺ ስለ ልጇ የምትናገረዋ" አለች። ከዚያ በኋላ የምለው ሁሉ ገባት። ዘሚ ነፍሷን ይማረውና የስንት ቤት በር ከፍታለች!

ስንደርስ እማዬ እጇን ዘርግታ ቆመች። አቡሽ አልፏት ገባ። እሷም ዝም አለች። እራት ላይ ግን እንጀራውን ወጥ ሳይነካው ቆራርሳ ለብቻው ሳህን ላይ አደረገችለት፤ ጉርሻዋን ትታ።

ነገሩ የተገለበጠው ቡና ሲቆላ ነው። አቡሽ የፍሬው መንጣጣት ደስ አለው። በርጩማ ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ፣ አረንጓዴው ሲጠቁር አይኑን ሳይነቅል አየ። ከዚያ ታብሌቱን ነካ። "ድገሚ" አለ ታብሌቱ፣ በእኔ ድምፅ፣ በአማርኛ። እማዬ "እሺ የኔ ጌታ" ብላ ሌላ እፍኝ ጨመረች። በዚያ ሳምንት ለሠፈሩ የሚበቃ ቡና ተቆላ።

ያ "ድገሚ" ሊጠፋ ነበር። ልጁ ገና ትንሽ እያለ "ሁለት ቋንቋ ይምታታበታል፣ እንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት" ያለን ባለሙያ ነበር። ጥናቶች ግን ሁለት ቋንቋ ኦቲዝም ያለውን ልጅ ወደ ኋላ ይጎትታል የሚለውን አይደግፉም። አማርኛችንን አልተውንም። በኋላ ያገኘናት የንግግር ቴራፒስት ድምፄን እየቀዳን ታብሌቱ ላይ እንድንጭን አሳየችን።

ሁሉም አልተሳካም። የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ስፒከሩ ከመከፈቱ አቡሽ ጆሮውን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። ይዤው ወጣሁ። ማንም "ምን ሆኖ ነው?" ብሎ አልተከተለንም። አጎቴ ብቻ መኪናውን ከፍቶልን ውጭ ቆሞ ጠበቀን።

ስንመለስ በትምህርት ቤቱ የአይኢፒ ስብሰባ ላይ (አይኢፒ ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ልጅ ለብቻው የሚወጣ የትምህርት ዕቅድ ነው) አማርኛውም በዕቅዱ ይግባልን አልን፤ ገባ። እዚያ ስብሰባ ላይ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ መጠየቅ የወላጅ መብት ነው። እንግሊዝኛ እችላለሁ ብላችሁ አትለፉት፤ ቃሉ ከባድ ነው፣ ስለ ልጃችሁም ነው።

አቡሽ አሁን ዋና ጀምሯል። በሚቀጥለው ስንሄድ እማዬን ይዘን ቢሾፍቱ ለመውረድ አስበናል። የሐይቁን ፎቶ ከወዲሁ አልበሙ ላይ ለጥፈናል።