ከጎማው ሥር የተደበቀውን ውሃ ፍለጋ፦ የ14 ወራት ማስታወሻ

ባለፈው ሳምንት ከጠፍጣፋው ጣሪያችን ላይ ቆርጬ የመዘንኩት ናሙና ደረቅ ሆኖ ስላገኘሁት፣ እንደ እኔ በሚያፈስ ጣሪያ ለሚደክሙ ሰዎች የደረስኩበትን ለማካፈል ወሰንኩ። ጣሪያው ከታች የኮንክሪት ስላብ፣ በመካከል 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሙቀት የሚከላከሉ የሮክ ዉል (ከድንጋይ የተሠራ የክር ጥጥ) ሰሌዳዎች፣ ከላይ ደግሞ ኢፒዲኤም የሚባለው ጥቁር የጎማ ሜምብሬን፣ ማለትም ውሃ የማያስገባ ሽፋን፣ አለው።

የመጀመሪያዎቹን ወራት በዝርዝር አልተርክም። ከኮርኒሱ ነጠብጣብ ትይዩ ያገኘሁትን መጋጠሚያ ሁሉ በሲሊኮን ስቀባ ከረምኩ፤ ሲሊኮን ከኢፒዲኤም ጋር በደንብ እንደማይያያዝ የተረዳሁት ቅቡ እንደ ልጣጭ ተላጥቶ በእጄ ሲቀር ነው። ከዚያ የባሰው ጥፋቴ፣ ሲረገጥ የሚሰምጠውን ቦታ ሳልከፍት በላዩ አዲስ ሜምብሬን መለጠፌ ነው። ውሃው ከታች በኮንክሪት፣ ከላይ በሁለት ድርብ ጎማ ታሽጎ 5 ወር ተቀመጠ።

አስቸጋሪው ጥያቄ ውሃው የት ድረስ እንደተስፋፋ ማወቅ ነበር። በእጅ የሚያዘው የኤሌክትሪክ እርጥበት መለኪያ በየትኛውም ቦታ ሳስቀምጠው “እርጥብ” አለኝ። ጎማውን የሚያጠቁረው ካርቦን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ የመሣሪያውን ንባብ እንደሚያዛባ በኋላ ተማርኩ፤ ስለዚህ በጥቁር ኢፒዲኤም ላይ ይህን መለኪያ ማመን አይገባም ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

የገጽ ሙቀትን በምስል ወደሚያሳየው ቴርማል ካሜራ ዞርኩ። በመጀመሪያ በቀትር አነሳሁ፤ ጣሪያው በሙሉ አንድ ዓይነት ግለት ስለነበረው ምንም ልዩነት አልታየኝም። ሁለተኛው ሙከራ ነፋስ ባለበት ምሽት ነበር፤ ነፋሱ የገጹን ሙቀት ጠርጎ ስለወሰደው ምስሉ ባዶ ሆነ። ሦስተኛውን ያደረግሁት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ከዋለ በኋላ፣ ጀንበር ከጠለቀች ከ2 ሰዓት ገደማ በኋላ፣ ገጹ ፍጹም ደረቅ ሆኖ አየሩም በረጋበት ምሽት ነው። ውሃ ከደረቅ ሮክ ዉል እጅግ የበለጠ ሙቀት ስለሚያከማች፣ ሌላው ክፍል ሲቀዘቅዝ የረጠበው ሙቀቱን ቀስ ብሎ ይለቃል። በካሜራው ላይ ጠርዛቸው ቀጥ ያለ ሦስት ባለ አራት ማዕዘን ቅርጾች በርተው ታዩኝ፤ ውሃውን የጠጡት ሰሌዳዎች ነበሩ። በግድግዳው ጥግ ሌላ ብርሃን ቢታይም፣ ግንቡ ራሱ ቀን የያዘውን ሙቀት እየመለሰ ሊሆን ስለሚችል ለጊዜው ተውኩት።

ካሜራ የሚያሳየው የሙቀት ልዩነትን እንጂ ውሃን አይደለም፤ ስለዚህ ሳይቆርጡ መፍረድ ትክክል አይመስለኝም። 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ናሙና ቆርጬ፣ እርጥበቱ እንዳይተን ወዲያው በፕላስቲክ ከረጢት አሽጌ መዘንኩት፤ 168 ግራም ሆነ። ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ በ105 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳደርቀው 75 ግራም ቀረ፤ ይህም ማለት ከራሱ ደረቅ ክብደት 124 በመቶ የሚሆን ውሃ ተሸክሞ ነበር። የፖሊስታይሪን ፎም ያላችሁ ግን በዚህ ሙቀት ስለሚሟሽሽ፣ ዝቅ ባለ ሙቀት ለረጅም ጊዜ አድርቁት።

ምንጩን ለማግኘት ጣሪያው ላይ ውሃ አላቆርኩም፤ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ በካሬ ሜትር 50 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ ስላቡ ምን ያህል እንደሚሸከም ሳላውቅ ልደፍረው አልፈለግሁም። ይልቁንም ከዝቅተኛው ቦታ ጀምሬ ወደ ላይ፣ አንዱን ክፍል ለብቻው በጎማ ቱቦ እያረጠብኩ ከታች የሚጠብቅ ሰው አቆምኩ። ቀዳዳው የተገኘው ከነጠብጣቡ 4 ሜትር ርቆ፣ ጣሪያውን አልፎ በሚወጣው የአየር ቧንቧ ሥር ነው። ውሃው በስላቡ ላይ ተንሸራቶ ስንጥቅ እስኪያገኝ ድረስ ተጉዟል።

ብዙዎች የረጠበውን ሳያነሡ የአየር ማስወጫ ቱቦዎችን ብቻ መትከል ይበቃል ይላሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። ይህን ያህል የጠገበ ሮክ ዉል በጥቂት ቱቦዎች እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ውሃውን በቤት ውስጥ እንደማኖር ነው። የረጠቡትን ሰሌዳዎች ሁሉ አውጥቼ፣ ስላቡን ካደረቅሁ በኋላ አዲስ ተክቼ፣ የቧንቧውን ሥር ለኢፒዲኤም በተሠራ ፕራይመር (ቴፑ እንዲይዝ አስቀድሞ የሚቀባ ቅብ) እና ቴፕ አሸግሁት። ያን ጊዜ ከአጠገቡ ካለው ነባር ሰሌዳ ናሙና መውሰድ ሲገባኝ ቸኩዬ ዘጋሁት፤ በዚህም ምክንያት ባለፈው ሳምንት እንደገና መቁረጥ ግድ ሆነብኝ። ናሙናው 77 ግራም መዝኖ ሲደርቅ 75 ሆኗል።

የግድግዳውን ጥግ ገና አልቆረጥኩም፤ ፀሐይ የሚውልበትንና ምሽቱ የሚረጋበትን ቀን እየጠበቅሁ ነው።