የጓሳው ወሰን

ከደብረ ብርሃን ስንወጣ ገና አልነጋም ነበር። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። የደሴው መንገድ ዋሻውን አልፎ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። እኛ ወደ ግራ ታጥፈን ተራራ ተራራውን ወደ መንዝ ተጓዝን። (መንገዱ ሰላም የነበረ ጊዜ ነው። ዛሬ እንዲህ ተነስቶ መሄድ ቀርቷል፤ ሳስበው ያመኛል።)

ሰሞኑን አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ፊንላንድ ውስጥ፣ ኦልኪሉኦቶ በምትባል ደሴት፣ ኦንካሎ የሚሉት ዋሻ ተቆፍሯል። ከ400 ሜትር በላይ ወደ ታች፣ ጠንካራ አለት ውስጥ ነው። ከኑክሌር ማመንጫ የሚወጣው ያገለገለ ነዳጅ በመዳብ ታሽጎ እዚያ እንዲቀበር ነው የተሠራው። የሚታሰበው ጊዜ እስከ 100 ሺህ ዓመት ይደርሳል። አሜሪካኖቹም ኒው ሜክሲኮ ውስጥ 650 ሜትር ያህል ወርደው፣ ከኑክሌር ጦር መሣሪያ ሥራ የተረፈውን ቆሻሻ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጨው አለት ውስጥ እየቀበሩ ነው። እዚያ የተያዘው ስሌት 10 ሺህ ዓመት ነው። ከሚቀበረው ውስጥ ፕሉቶኒየም አለበት፤ ግማሹ እስኪያልቅ ብቻ 24 ሺህ ዓመት ይፈጃል።

ታዲያ ከሺህ ዓመታት በኋላ ለሚመጣ፣ ቋንቋችንን ለማያውቅ ሰው «እዚህ አትቆፍር» እንዴት ይባላል?

ምሁራን ተሰብስበው መክረውበታል። ሰው ሲያየው የሚሸሸው፣ እንደ እሾህ የሾለ ግዙፍ ድንጋይ ይተከል ያሉ አሉ። በተባበሩት መንግሥታት 6 ቋንቋዎችና በአካባቢው ነባር ሕዝብ በናቫሆ ቋንቋ ይጻፍ ተብሏል። ጨረር ሲቀርባት ቀለሟ የሚለወጥ ድመት ትራባ፣ ተረትና ዘፈንም ይውጣላት ያሉም ነበሩ። ቶማስ ሲቢኦክ የተባለ የምልክት ሊቅ ደግሞ በ1984 እ.ኤ.አ. እንደ ክህነት የሚወራረስ የጠባቂዎች ማኅበር ይቋቋም ብሎ ጻፈ። እኔን የያዘኝ ይሄኛው ነው።

ምክንያቱም በድንጋይ ላይ እምነት የለኝም። መንዝና አካባቢው ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሙታን የተቀበሩባቸው የድንጋይ ጉብታዎች አሉ። አርኪዮሎጂስቶች ሲቆፍሯቸው አጥንትና የመስታወት ዶቃ አገኙ። ሰዎቹ ራሳቸውን ምን ብለው ይጠሩ እንደነበር ግን ድንጋዩ አይናገርም። የጢያ ትክል ድንጋዮችም ከግራኝ በመቶዎች ዓመታት ቀድመው የቆሙ ሆነው ሳለ ሕዝቡ «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል። ድንጋዩ ቆሟል፣ መልእክቱ ግን ተለውጧል። የኢዛናን የግዕዝ ጽሑፍ ዛሬም የሚያነቡ ሊቃውንት አሉን፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዕድሜው ግን 1,700 ዓመት አይሞላም። 10 ሺህ ዓመት ማለት ይህን ያህል ዘመን ወደ ስድስት ጊዜ ማለት ነው።

በሚያበቅለው የጓሳ ሣር የተጠራው የመንዝ ደጋ፣ ጓሳ ስንደርስ ጉሙ ተገፈፈ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሜዳው ዓይን እስከሚደርስ ድረስ ሣር ነው፤ እዚህም እዚያም ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ቆሟል። ጭላዳዎች ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። ከመንገዱ ዳር አንድ የቆርቆሮ ማስታወቂያ አየሁ። ተጠግቼ ላነበው ሞከርኩ። ቀለሙ ተላልጧል፣ ዝገቱ ፊደሉን በልቶታል፣ የቀረው «ክልክል» የምትል ቃል ብቻ ናት። ምን እንደሚከለከል አይታወቅም። ያውም ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው።

ሣሩ ግን ተጠብቋል። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እዚህ ቄሮ የሚባል ሥርዓት አለ (ኦሮምኛውን «ቄሮ» እንዳትሉብኝ፤ ይህ የመንዝ ነው)። አስቦና ጌራ የተባሉት ሁለት ወገኖች መሬቱን ተካፍለው ይጠብቁታል። ጓሳው ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲደርስ ይከፈታል፣ ያን ጊዜ ባለመብቱ ሁሉ ወጥቶ ያጭዳል።

ካረፍንበት መንደር አንድ አባት ደጃቸው ላይ ገመድ ይሠራሉ። የረጠበ ጓሳ ይጨብጡና በመዳፋቸው እያሹ ያከሩታል፤ ሊያልቅ ሲል ሌላ ጭብጥ ይጨምሩበታል። መጋጠሚያው የቱ ጋ እንደሆነ ብፈልግ አጣሁት።

«አይነካም የሚለውን ማን ነገረዎ፣ አባቴ?»

«አባቴ ነዋ። ለሱም አባቱ።»

ተቋርጦም ያውቃል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ አሮጌው መብት ፈረሰ፣ ሣሩም ያለ ልክ ታጨደ። 300 ዓመት የዘለቀውን አንድ አዋጅ በጠሰው። ኋላ ሰዉ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን እንደገና አቆመው።

ስለ ኦንካሎው አጫወትኳቸው። እጃቸው ሳያርፍ አዳመጡኝ።

«መቼ ነው የሚከፈተው?»

«አይከፈትም።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ።»

ገመዱን ጭናቸው ላይ አሳርፈው አዩኝ። «ታዲያ ልጄ፣ ጠባቂው ምን ያገኛል?»

መልስ አልነበረኝም። ጓሳውን የሚጠብቅ ሰው የቤቱን ክዳን፣ የዝናቡን ገሳ፣ የበሬውን ገመድ ነው የሚጠብቀው። የሲቢኦክ ጠባቂዎች የሚያጭዱት ቀን የላቸውም። ፊንላንዶቹም ይህን ሳያስቡት አልቀሩም፤ ከተዘጋ በኋላ ጠባቂ ሳያስፈልገው በአለቱና በመዳቡ እንዲጠበቅ አድርገው ነው ያቀዱት። ይገባኛል። ሆኖም ልቤ አላረፈም። አለቱም ይጠብቀው፣ ግን ለልጁ የሚናገር ሰውም ይኑር እላለሁ።

ስንነሳ የልጅ ልጃቸው ከብት እየነዳ እስከ መኪናው ሸኘን። አንዷ ጊደር ወደ ጓሳው ስታዘነብል ሮጦ መለሳት። አጥር የለ፣ ምልክት የለ።

«ወሰኑ የቱ ጋ ነው?» አልኩት።

በዱላው አንድ ጅብራ አሳየኝ። «ከሷ ወዲያ አይነካም።»

«ማን ነገረህ?»

«አያቴ» አለና ጊደሯን ተከትሎ ሮጠ።