በስብራቱ ውስጥ ያየሁት ነዶ

ዛሬ ከተከተፈ የካርቦን ፋይበር (ቀጫጭን የካርቦን ክሮች) እና ከኢፖክሲ፣ ማለትም ደርቆ ከሚጠነክር ሙጫ፣ የሠራሁት ናሙና ከጠበቅኩት ጭነት በጣም ቀድሞ ተሰበረ። ፋይበሩን ጨምሬበት ነበርና ከቀድሞው ይበረታል ብዬ ነበር። ስባሪውን ማይክሮስኮፕ ስር ሳደርገው ምክንያቱ ተገለጠልኝ፦ መሐል ላይ እንደታሰረ ነዶ ተጣብቀው የቀሩ ክሮች፣ ኢፖክሲ ያልደረሳቸው፣ ደረቅ። በመርፌ ጫፍ ነካ ባደርጋቸው ተበታተኑ። ያ መበታተን ከመስበሪያው ማሽን ንባብ ይልቅ ብዙ ነገረኝ።

አንዱ የካርቦን ክር ከ5 እስከ 7 ማይክሮሜትር ብቻ ነው የሚወፍረው፤ የሰው ጠጉር አሥር እጥፍ ያህል ይበልጠዋል። ከፋብሪካ ሲወጡ በሺዎች ሆነው ተጠቅልለው፣ አያያዛቸው እንዲቀና በስስ ሽፋን ተለብጠው ነው። ሽፋኑ ከኢፖክሲው ጋር ካልተስማማ ጥቅሉ አይፈታም። ክር ጭነት የሚቀበለው በዙሪያው ከተጣበቀው ሙጫ ነውና በነዶው ልብ ውስጥ ያለው ክር ምንም ሳይሸከም ይቀመጣል። ይባስ ብሎ የነዶው ጫፍ ስንጥቅ የሚነሳበት ቦታ ይሆናል። እኔ ደግሞ ፋይበር በጨመርኩ ቁጥር ድብልቁ እየወፈረ አየር አፍኖ ያስቀር ነበር።

ባለፈው ሳምንት መፍትሔው በኃይል ማማሰል መስሎኝ ነበር። ክሮቹ በእርግጥ ተለያዩ፤ ግን ተቆራረጡ። 6 ሚሊሜትር አድርጌ የከተፍኳቸው ክሮች ዱቄት ሊመስሉ ምንም አልቀራቸውም። ከተወሰነ ርዝመት በታች የሆነ ክር ሙሉ አቅሙን ሳያወጣ ከሙጫው ተነቅሎ ይወጣል። እውነቱን ለመናገር ይህ ከነዶው በላይ አሳዝኖኛል፤ ጥሩውን ፋይበር በገዛ እጄ ነው ያበላሸሁት።

ማምሻውን ሌላ መንገድ ያዝኩ። ሙጫውን የሚያደርቀው ማጠንከሪያ ከመግባቱ በፊት ኢፖክሲውን ለብ አድርጌ አቀጠንኩት። ፋይበሩንም በአንድ ጊዜ ከመገልበጥ ይልቅ በቁንጥር በቁንጥር እየነሰነስኩ፣ መቀላቀያውን በዝግታ አዞርኩ። በየመሐሉ አንድ ጠብታ እያወጣሁ በሁለት መስታወቶች መካከል ጨፍልቄ ወደ ብርሃን አነሳለሁ። በመጀመሪያው ጠብታ ላይ ጥቋቁር ነዶዎች ተዘርተው ነበር። በአራተኛው ላይ ክሮቹ በየአቅጣጫው ተሰራጭተው፣ ርዝመታቸውን እንደያዙ፣ ግራጫ ጉም መስለው ታዩኝ። ደስ አለኝ፤ ደጋግሜ አየሁት።

ከጠርዙ ላይ ግን ሦስት ነዶዎች ቀርተዋል። ልጨምረው ያነሳሁትን ማጠንከሪያ ወደ ቦታው መልሼ መቀላቀያውን እንደገና በዝግታ አስነሳሁት።