ያረጀ የቤተሰብ ሚኒቫን በእውነቱ ስንት ሊትር ይጠጣል?

በአምራቹ መመሪያ ላይ የሰፈረው የነዳጅ ፍጆታ በላቦራቶሪ የተለካ በመሆኑ፣ በተለይ አውሮፓ በ2017 እ.ኤ.አ. ደብሊውኤልቲፒ የተባለውን ጥብቅ የፍጆታ መለኪያ ከመጀመሯ በፊት ለተሠሩ ሚኒቫኖች፣ መንገድ ላይ ከሚታየው ያንሳል። እኔ የማምነው ታንኩን ሞልቶ ኪሎሜትሩን መዝግቦ፣ በቀጣዩ ሙሌት የገባውን ሊትር በ100 አባዝቶ ለተጓዘው ርቀት በማካፈል የሚገኘውን ቁጥር ነው፤ 400 ኪሎሜትር ተሂዶ 48 ሊትር ከገባ፣ በ100 ኪሎሜትር 12 ሊትር ማለት ነው። የማደያው መቅጃ ሁልጊዜ እኩል ሞልቶ ስለማያቆም የበርካታ ሙሌቶችን አማካይ መውሰድ ይገባል።

ፍጆታው ከጨመረ፣ ሞተሩ አርጅቷል ብሎ ከመፍረድ በፊት ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን የማቀዝቀዣ ውሃ የሚከፍትና የሚዘጋውን ክፍል፣ ማስፈተሽ ይበጃል፤ ክፍት ሆኖ ከቀረ ሞተሩ በወጉ ስለማይሞቅ የመኪናው ኮምፒውተር ነዳጅ ማብዛቱን ይቀጥላል፣ የሙቀት መለኪያው ቀስትም በረጅም መንገድ ላይ ከወትሮው ዝቅ ብሎ ይታያል። የጎማ ንፋስ ማነስና ጣሪያ ላይ ባዶውን የሚከርም የዕቃ መጫኛም የየራሳቸውን ድርሻ ይወስዳሉ።