የአሮጌ ሰንጢ ዕድሜ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ወገኖች። አሮጌ ሰንጢ እንደምሰበስብ የምታውቁ፣ ዕድሜውን በምን እንደምለይ ጠይቃችሁኛል። አሁን ትንሽ መስመር ስለያዝኩ የገባኝን ላካፍላችሁ።

ፒያሳና ቸርችል ጎዳና አካባቢ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡት ጋ አርጀት ያለ ሰንጢ ስታነሱ የሚነገራችሁ ያው ነው፤ «የጣሊያን ጊዜ ነው»። እኔ ወሬውን እሰማና ስለቱን እከፍታለሁ። ዋናው መረጃ ያለው ስለቱ ከእጀታው ጋር በሚገናኝበት ጠፍጣፋ ብረት ላይ ነው። የፋብሪካው ስም፣ አገሩ፣ አንዳንዴም ዓመቱ እዚያ ተመቶበታል።

በቅርቡ ያገኘሁትን ላሳያችሁ። እጀታው ጥቁር ነው፤ ፍርግርግ መስመር ተቀርጾበታል። አንድ ሰፊ ስለትና አንድ የቆርቆሮ መክፈቻ አለው። በጀርባው ደግሞ የገመድ ቋጠሮ የሚፈቱበት ወፍራም ወስፌ ታጥፎ ተኝቷል። የስለቱን ሥር በማሽን ዘይት አርሼ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀስ እያልኩ ስጠርገው መጀመሪያ «ሼፊልድ» የሚለው ብቅ አለ። ቀጥሎ የዶሮ ኮቴ የሚመስል ምልክት። ከዚያ 1942።

ምልክቱ የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ማለት ነው። ሰንጢው የወታደር ነው። ንጉሡ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ በፈረንጆቹ 1941 ነው። ይሄ ሰንጢ ሲሠራ ከተማው ከጣሊያን እጅ ወጥቷል። ይቺ ነገር በጣም ነው ያስደሰተችኝ! ቁጥሩን በኛ አቆጣጠር እንዳታነቡት ብቻ፤ በኛ 1934 ወይም 1935 መሆኑ ነው።

ዓመት ያልተመታበት ሲሆን ጽሑፉ ራሱ ይረዳል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች የፈረንጅ ናቸው)። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ካለ ከ1949 እስከ 1990 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የስዊዘርላንዱ «ቪክቶሪኖክስ» ከ1921 በፊት በዚህ ስም አልነበረም፤ የማይዝግ ብረት ሲመጣ ነው «ኢኖክስ» የተጨመረበት። የፈረንሳዩ ኦፒኔል ስለቱን የሚቆልፈው ቀለበት የመጣው በ1955 ነው። ቀለበት የለውም ብላችሁ ግን አሮጌ ነው እንዳትሉ፤ ትንንሾቹ ዛሬም ያለ ቀለበት ነው የሚሠሩት። የአሜሪካው ኬዝ ደግሞ በ1970 ከስሙ ሥር አሥር ነጥብ አድርጎ በየዓመቱ አንድ አንድ ይቀንስ ነበር። ነጥብ መቁጠር ነው።

የስለት መመንመን አያታልላችሁ። ብዙ የተሳለ ሰንጢ በጥቂት ዓመት ግማሹ ያልቃል።

ነጋዴዎችን አንድ ነገር ብለምን ደስ ይለኛል፤ ለማብለጭለጭ ብላችሁ ሥሩን በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት። ታሪኩ ያለው እዚያች ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ነው። ዝገቱ ይቆይልን፣ እኛ በዘይት እናወጣዋለን።

አሁን የያዝኩት ምንም ጽሑፍ የሌለውን ነው። እጀታው ቡኒና ቢጫ ዥንጉርጉር ነው። በጣቴ አሽቼ ሳሞቀው ካምፎር፣ ያው ቪክስ ውስጥ ያለው፣ ይሸታል። ስለዚህ ሴሉሎይድ የሚባለው የድሮ ፕላስቲክ ነው ብያለሁ። ሴሉሎይድ ሲያረጅ የሚያወጣው ጋዝ ብረት ስለሚበላ ከሌሎቹ ለይቼ አየር በሚያገኝበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ተመሳሳይ ያላችሁ የስለቱን ሥር በሁለቱም በኩል ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ አስተያይተን እናየዋለን።