ቫኪዩም የሚያፈስ የመኪና ኤሲ መቆጣጠሪያን ፈትሼ የጠገንኩበት መንገድ

ሜዳ ላይ በደህና የሚሠራ ኤሲ፣ ዳገት ሲመጣና ነዳጅ ሲረገጥ አየሩን ከፊት ለፊት መውጫዎች ወስዶ ወደ ፊት መስታወት የሚያዞር ከሆነ፣ ጋዝ ከማስሞላትና ኮምፕሬሰር ከማስፈታት በፊት ቫኪዩሙን (ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጠረውን የመሳብ ኃይል) መመርመር ይገባል። የእኔ መኪና ያሳየኝ ምልክት ይኸው ነበር። ቅዝቃዜው አልቀነሰም፤ የሚቀየረው አየሩ የሚወጣበት ቦታ ብቻ ነበር፤ እግሬን ከነዳጅ ላይ ሳነሣ ደግሞ ወደ ቦታው ይመለሳል።

በእንዲህ ዓይነት መኪኖች አየሩን ወደ ፊት፣ ወደ እግር ወይም ወደ መስታወት የሚመሩትን መዝጊያዎች የሚስባቸው በሞተሩ የአየር ማስገቢያ ማኒፎልድ ውስጥ የሚፈጠረው ቫኪዩም ነው። (በአዳዲስ መኪኖች ይህን ሥራ ትናንሽ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ስለሚሠሩት፣ ከምንም በፊት የራስን መኪና ዓይነት ማረጋገጥ ያስፈልጋል።) ቫኪዩሙ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ከፍ ይላል፤ ነዳጅ ተረግጦ ስሮትሉ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው በር) ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ግን ወደ ዜሮ ይጠጋል። ለዚህ ክፍተት ተብሎ አንድ ትንሽ ማጠራቀሚያና አየርን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ይገጠማሉ፤ ቫልቩ የተጠራቀመው ቫኪዩም ወደ ሞተሩ በኩል እንዳይጠፋ ይይዘዋል፣ ማጠራቀሚያው ደግሞ ዳገቱ እስኪያልቅ መዝጊያዎቹን ያቆያቸዋል። የሚያፈስ ቦታ ካለ ግን በሚኒሞ ጊዜ ሞተሩ የሚስበው ከሚፈሰው ስለሚበልጥ ጉዳቱ ይሸፈናል፤ የሚጋለጠው ሞተሩ መሳብ ሲያቆምና ማጠራቀሚያው ብቻውን ሲቀር ነው። ቫኪዩም ሲጠፋ መዝጊያዎቹ በስፕሪንግ ኃይል ወደ መስታወት መመለሳቸው የታሰበበት ነገር ነው፤ ሥርዓቱ ቢበላሽ እንኳ ሹፌሩ መስታወቱን ከእርጥበት አጽድቶ መንገዱን ማየት አለበትና። ይህን አሠራር ባየሁት ቁጥር አደንቃለሁ።

ለሥራው ጌጅ ያለው የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ፣ ቀዳዳ መድፈኛ ትናንሽ ክዳኖችና የመኪናው የቫኪዩም መስመር ሥዕል በቂዬ ነበሩ። አስቀድሜ ጌጁን ከማኒፎልዱ ጋር አገናኝቼ ምንጩን ለካሁ። ጤናማ የቤንዚን ሞተር በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ (የቫኪዩም መለኪያ) ያህል ያሳያል፤ ከፍታው በ300 ሜትር ገደማ በጨመረ ቁጥር ንባቡ በ1 ኢንች ያህል ስለሚቀንስ፣ ደጋ ላይ የሚለካ ሰው ዝቅ ያለ ቁጥር ቢያይ ሊደነግጥ አይገባም። የእኔ መርፌ ለከፍታው በሚጠበቀው ላይ ሳይንቀጠቀጥ ቆመ፤ ስለዚህ ሞተሩን ትቼ ወደ መስመሩ ሄድኩ። ቫልቩን ፈትቼ በአፌ ነፋሁበት፤ በአንድ በኩል አሳለፈ፣ በሌላው እምቢ አለ፤ ስለዚህ ደህና ነበር። ማጠራቀሚያውንም ሌሎች ቀዳዳዎቹን ደፍኜ እስከ 20 ኢንች ሳብኩት፤ መርፌው አልተነቃነቀም።

ከማጠራቀሚያው እስከ ሞተር ክፍሉ ግድግዳ ያለውን ቱቦ ግን ስስብ መርፌው ቀስ እያለ ወረደ። ጥፋቱ የፕላስቲኩን ቱቦ ከማጠራቀሚያው ጋር የሚያገናኘው የታጠፈ ጎማ ላይ ነበር። ከላይ ሲታይ ጥቁርና ሙሉ ይመስላል፤ በጣቴ ይዤ ሳጥፈው ግን ከታች በኩል እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ተከፈተ። ከሙቀት ብዛት ደርቆ ጥፍር እንኳ አይቀበልም ነበር። በናስትሮ መጠቅለል ለቀናት ያህል ሊያታልል ይችላል፤ ሙቀት ሲያገኝ ግን ማጣበቂያው ስለሚላቀቅ አልመክረውም። ልኩ ትክክል የሆነ የቫኪዩም ጎማ ቆርጬ ተካሁት።

ከዚህ በኋላ አየሩ በተለመደው አቀማመጥ ዳገት ላይም ከፊት ለፊት መውጣቱን ቀጠለ። የውስጥ አየር ማዞሪያውን ስከፍት ግን ያው ለውጥ ተመለሰ። ለመርማሪ ከዚህ የተሻለ ፍንጭ አይገኝም፤ ጉድለቱ በአንድ አቀማመጥ ብቻ ከታየ፣ የሚያፈሰው በዚያ አቀማመጥ ብቻ ቫኪዩም የሚደርሰው መስመር ነው። ስለዚህ ዳሽቦርዱን በሙሉ መበተን አላስፈለገኝም። የኤርባግ ሽቦዎች በአካባቢው ስለሚያልፉ ባትሪውን ነቅዬ ጥቂት ከጠበቅሁ በኋላ፣ የመቆጣጠሪያውን ፊት ብቻ አውጥቼ ከጀርባው ያለውን ባለ ብዙ ቀለም መሰኪያ ፈታሁ። እያንዳንዱን ቀለም በፓምፑ ስስብ ሌሎቹ ያዙ፤ የውስጥ አየር ማዞሪያው መስመር ግን መሳብ እንዳቆምኩ ወደ ዜሮ ወረደ። ያ ብቻ ከቱቦውና ከዲያፍራሙ (በቫኪዩም ተስቦ መዝጊያውን ከሚያንቀሳቅሰው የጎማ ሽፋን) የትኛው እንደተቀደደ አይናገርም። በጓንት ሣጥኑ በኩል ደርሼ ቱቦውን ከዲያፍራሙ ነቀልኩና ጫፉን ደፍኜ እንደገና ሳብኩ፤ ያዘ። ጥፋተኛው ዲያፍራሙ ነበር፤ አዲስ አስገባሁ።

ሞተሩ እየሠራ የሚቀጣጠል ፈሳሽ በቱቦዎች ላይ ረጭቶ የሞተሩን ድምፅ ማዳመጥ የሚያፈስ ቦታ ለመፈለግ የተለመደ ዘዴ ነው። በጋለ ሞተር ላይ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል እኔ አልሞከርኩትም፤ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለውንም ቦታ አይደርስበትም። የሳሙና ውኃም እዚህ ብዙ አይረዳም፤ ቀዳዳው ወደ ውስጥ ስለሚስብ አረፋ አያወጣም።

ጥገናውን የፈተንኩት ያለ ምንም መሣሪያ ነው። ሞተሩን ጥቂት አስነሥቼ፣ አየሩን ወደ ፊት፣ የውስጥ አየር ማዞሪያውንም ክፍት አድርጌ አጠፋሁት፤ ከዚያ ሞተሩን ሳላስነሣ ማራገቢያው እንዲሠራ ቁልፉን መልሼ ከፈትኩ። ቀድሞ አየሩ ወዲያው ወደ መስታወት ይሸሽ ነበር፤ አሁን መጠበቅ እስኪሰለቸኝ ድረስ ፊቴ ላይ ነፈሰ። ኮፈኑን ከመዝጋቴ በፊት ያልተሰነጠቁትን ሌሎች የታጠፉ ጎማዎችም ለወጥኳቸው፤ ዕድሜያቸውም የሚደርስባቸው ሙቀትም ከተሰነጠቀው ጋር አንድ ነበር።