አፕል ቀላ ማለት ደረሰ ማለት አይደለም

አሜሪካ እንደገባሁ የመጀመሪያ እንጀራዬን የበላሁት ከአፕል እርሻ ነው። ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ያኪማ የሚባል ሸለቆ አለ። አሜሪካ ከምታመርተው አፕል ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከዚያ ግዛት ይወጣል። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ውሏችን መሰላል ላይ ነበር። ደረታችን ላይ የምናነግተው ከረጢት ከስሩ ይከፈታል። ሲሞላ ወርደን፣ አፕሉ እንዳይበልዝ ቀስ አድርገን ትልቁ ሳጥን ውስጥ እንለቀዋለን። ክፍያው በሳጥን ስለነበር ማታ ማታ ትከሻዬ የእኔ አይመስለኝም ነበር።

ያ ልፋት ዛሬ ሱሉልታ ላይ ጠቀመኝ። እናቴ ግቢ ውስጥ አና እና ዶርሴት ጎልደን የሚባሉ ሁለት ዓይነት አፕሎች አሉን። አና እስራኤል ውስጥ የተዳቀለ ነው፣ ዶርሴት ጎልደን የተገኘው ባሃማስ ነው። ሁለቱም ሌሎቹ አፕሎች የሚፈልጉትን ያህል ብርድ አይፈልጉም። ጎን ለጎን የሚተከሉት የአንዱ የአበባ ብናኝ ለሌላው ስለሚያስፈልግ ነው።

ዘንድሮ ፍሬው መቅላት ሲጀምር እማዬ አላስቀምጥ አለችኝ። «ቀላ እኮ ልጄ! ወፍ ሳይቀድመን ይለቀም እንጂ!» ፍርሃቷ ይገባኛል። ሱሉልታ ላይ ወፉም አለ፣ በረዶውም አለ፣ የሰፈር ልጆችም አሉ። ግን አንዱን ቀጥፌ መሃሉን ሰነጠቅኩላት። ውስጡ ያሉት ዘሮች ገና ነጭ ነበሩ። ቀምሳው ፊቷን አጨማደደች። አፍ ያደርቃል፣ ጥርስ ላይ ይጣበቃል። ጥርስ ላይ የሚጣበቀው ገና ወደ ስኳር ያልተለወጠ ስታርች ነው፣ ድንች ውስጥ እንዳለው ዓይነት ዱቄታማ ነገር።

ቀዩን ቀለም የሚያመጣው በዋናነት ብርሃን ነው። ፀሐይ የሚያገኘው ጎን ቶሎ ይቀላል፣ ቅጠል የጋረደው ጎን አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል። የእኛ የደጋ ፀሐይ ደግሞ ኃይለኛ ናት። መታየት ያለበት ከቀዩ ስር ያለው መደብ ቀለም ነው። ፍሬውን ገልበጥ አድርጋችሁ ጭራው አካባቢ ያለውን ጉድጓድ እዩት። ጥሬ አረንጓዴው ለቆ ወደ ቢጫ ካደላ እየደረሰ ነው።

ያኪማ ላይ ይህን ሁሉ አስቦ የሚወስንልን አለቃ ነበር። አፕል በግማሽ ይቆርጥና አዮዲን ያስነካዋል። ስታርች ያለበት ቦታ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፣ ወደ ስኳር የተለወጠው ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ጥቁሩ ከመሃል እየሸሸ ወደ ልጣጩ ከተጠጋ «ነገ ይህ ረድፍ ይለቀማል» ይለናል። ፋርማሲ የሚሸጠውን አዮዲን በውሃ አቅጥኖ ቤት ውስጥም መሞከር ይቻላል። የነካውን አፕል ግን መጣል ነው፣ አይበላም።

ትልቁ ልዩነት ግን የአየሩ ነው። እዚያ ክረምቱ በረዶ ስለሆነ ዛፉ ሁሉ አንድ ላይ ይተኛል፣ በሚያዝያ አንድ ላይ ያብባል። ስለዚህ ወሩን ቆጥሮ መገመት ይቻላል። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ብትሆንም እንደዚያ ያለ ክረምት የላትም። ዛፉን ለማሳረፍ ቅጠሉን በእጃቸው የሚያራግፉ አምራቾች አሉ። እንደዚያም ሆኖ እኛ ግቢ አንዱ ቅርንጫፍ ላይ አበባ፣ ሌላው ላይ የደረሰ ፍሬ አይቻለሁ። እዚህ ወር ቆጥሮ ሁሉንም ባንዴ ማርገፍ አይሠራም። እያንዳንዱን ፍሬ ለብቻው ማየት ነው።

አለቃቀሙን ያሳዩኝ አንዲት ትልቅ ሜክሲኳዊት እናት ነበሩ። ቋንቋ አንግባባም፣ እጄን ይዘው ነው ያሳዩኝ። አፕሉን በመዳፍ ሙሉ መያዝ፣ በጣት አለመጫን፣ ወደ ላይ አንሳ አድርጎ ትንሽ ማዞር። የደረሰ ከሆነ ከነጭራው እሺ ብሎ ይመጣል። ካልመጣ ይተዋል። ወደ ታች ከጎተታችሁት ፍሬው የተንጠለጠለባት አጭር ጉጥም አብራ ትገነጠላለች፤ የሚቀጥለው ዓመት ፍሬ የሚወጣው ከእሷ ነው። እማዬ አሁን ጎረቤት ሊቀጥፍ ሲመጣ ከእኔ ቀድማ «ኧረ አትጎትቱት!» ትላለች። ደስ ይለኛል።

ወፍን በተመለከተ እኛን የጠቀመን መረብ ማልበስ ነው። ጥሬውን አሽሽቶ ቤት ማስገባት መፍትሔ አይደለም። አፕል ከተለቀመ በኋላም መብሰሉን አያቆምም፣ ግን ጨርሶ ሳይደርስ ከተቀጠፈ ይጨማደዳል እንጂ ጣዕሙ አይሞላም። በጣም ከቆየ ደግሞ ዱቄት ዱቄት ይላል። በተለይ አና ረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ዓይነት አይደለም፣ ስለዚህ የደረሰውን በየሁለት ሦስት ቀኑ እየለቀማችሁ ብሉ፣ ለጎረቤትም አካፍሉ።

ሆለታ፣ ሰንዳፋ፣ ቡራዩ አካባቢ አፕል ያላችሁ ካላችሁ፣ የተከላችሁትን ዓይነትና ካበበ ስንት ቀን እንደፈጀባችሁ ጻፉልኝ። የዘንድሮውን የእኛን አበባ መመዝገብ ጀምሬያለሁ፣ እናስተያየዋለን።